የበዛብህ መጋዘን

አቻምየለሽ በሩን ከውጭ ስትቆልፈው እኔ ውስጥ ነበርኩ። አራት መቶ ሰማንያ ዶሮዎችም አብረውኝ ነበሩ። እነሱ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት፣ ያንንም አፌን ጠርጌ።

«አቹ! አቹዬ! ቀልዱ ይብቃ፣ ክፈቺ!»

«ቀልደኛው አንተ ነህ» አለችኝ በቆርቆሮው ሽንቁር። «ሞባይልህ እጅህ ላይ ነው። ለበዛብህ ትደውላለህ፣ ለዱጉማም በሰው መልእክት ታስልካለህ። መኖ የጫነ መኪና እዚህ በር ላይ ሲቆም እከፍትልሃለሁ።»

«ካልመጣስ?»

«ካልመጣማ እነሱ የሚበሉት አያጡም።»

ኑሪ ከጀርባዋ ሲስቅ ሰማሁት። እኔም ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ አንዲት ዶሮ ግን የጫማዬን ክር ይዛ እንደ ትል ስትጎትተው አየሁና ተውኩት።

አምስት ሆነን ነበር በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀነው። አንደኛዋ አረብ አገር ሄደችና አራት ቀረን። አቻምየለሽ ሊቀመንበር ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ክር ስትቀጥል ኖራ፣ ግራ ጆሮዋን ለማሽኑ ጩኸት ሰጥታ ነው የወጣችው። ሥራዋን የለቀቀችው ለእነዚህ ዶሮዎች ብላ ነው፤ ሌላ ምንም የላትም። ኑሪ የስልጤ ልጅ ነው፤ አቃቂ በሰቃ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ስላለው እንቁላሉን የሚሸጥልን እሱ ነው። አዴ ዳሲቱ ደግሞ ዶሮዎቹን ይጠብቃሉ። በዕድሜ እናታችን ይሆናሉ፤ እያንዳንዷን ዶሮ በመልኳ ይለያሉ ቢባል አምናለሁ። እኔ ሰይፈሥላሴ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬ ሁለቱንም ጊዜ የወደቅኩ፣ የግብዓት ኃላፊ ነኝ። ሰፈር ውስጥ ግን ሰይፉ ቀደዳ ነው የሚሉኝ።

የግብዓት ኃላፊ ማለት መኖ የሚያመጣ ማለት ነው። መኖ የማመጣው ደግሞ ለሁንዴ በመደወል ነው። ሁንዴ ከደብረ ዘይት በአይሱዙው ጭኖ በየሳምንቱ ሐሙስ ያራግፍልናል። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ በሳምንት አንድ ስልክ።

ታዲያ ሁለት ሺህ አራት ላይ ይመስለኛል፣ ከወረዳ ሥርጉት የምትባል አሰልጣኝ መጣች። ሰሌዳው ላይ «የአቅርቦት ስጋት» ብላ ጻፈችና እኔን አስነሳችኝ።

«ሁንዴ ቢታመምስ?»

«ይድናል» አልኳት።

«መኪናው ቢሰበርስ? መንገድ ቢዘጋስ? ፋብሪካው መብራት ቢጠፋበትስ?»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በመጨረሻ ሦስት መስመር ያለው ፎርም አደለችን፤ አቅራቢ አንድ፣ አቅራቢ ሁለት፣ አቅራቢ ሦስት፣ ከነስልክ ቁጥራቸው። ባዶ መስመር ያለበት ፎርም ወረዳው እንደማይቀበል ሁሉም ያውቃል። አንደኛው ላይ ሁንዴን ጻፍኩ። ሁለቱ መስመሮች አፈጠጡብኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሻማ የሚሠሩት ልጆች ምን እንደጻፉ አጮልቄ ባይ፣ ሦስተኛ የሰም አቅራቢያቸው እኔ ሆኜ አገኘሁት። እኔ ሰም የማውቀው ጆሮዬ ውስጥ ነው። እኔም ብዕሬን አነሳሁና «በዛብህና ልጆቹ የእንስሳት መኖ፣ ሞጆ» ብዬ ጻፍኩ፤ ስልክ ቁጥሩ ላይ የራሴን ሁለተኛ ሲም አስገባሁ። ከሥሩ «ዱጉማ የመኖ ንግድ» ጻፍኩ። ዱጉማ ያለበት ቦታ ኔትዎርክ ስለሌለ ስልክ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። ግን ሰው ሲጠይቀኝ ባዶ መልስ መስጠት አልወድም። «በዛብህ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ሲሉኝ፣ መጋዘኑን ነገርኳቸው። ከአንዱ ጫፍ ቆመህ ብትጣራ ማሚቶው የሚመለሰው ከምሳ በኋላ ነው። አይጥ የሚጠብቁ ሰባት ድመቶች ቀጥሯል፤ ሲገቡና ሲወጡ ይፈርማሉ፣ አንዷ እንዲያውም በሥነ ምግባር ጉድለት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ዱጉማ ደግሞ ስልሳ አህያ አለው። አስፋልቱ ቢዘጋ በገላን ማሳ ውስጥ ለውስጥ ያሻግራል። የፊተኛዋ አህያ ትራፊክ ፖሊስ ስታይ ቆማ ታሳልፋለች።

ይስቃሉ። ግን እየሳቁ ያምናሉ። ድመቶቹን አያምኑም፣ መጋዘኑን ያምናሉ። እኔም ይህንን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት።

አምና አዴ ዳሲቱ «ከጓሮ የአሥራ አምስት ቀን መኖ የምናስቀምጥበት ትንሽ ጎተራ እንሥራ» አሉን። አቻምየለሽ ወደ እኔ ዞረች። «በዛብህ እያለ ምን ያደርግልናል አዴ?» አልኩ፤ ቆርቆሮ መሸከም ስላልፈለግኩ ነው። የኑሪ አጎት ጋሽ ሀይረዲን ዘይት መጭመቂያ አላቸው፤ ከኑግ ዘይቱ የሚተርፈውን ፋጉሎ በየወሩ ሁለት ኩንታል እንውሰድ፣ እሳቸውም ይልመዱን ብሎ ኑሪ ለመነ። እኔ «የዱጉማ አህዮች ይቀየማሉ» አልኩና ጉባኤው በሳቅ ተበተነ። ጋሽ ሀይረዲን ግን ሲነገራቸው አልሳቁም አሉ።

እናም ያ ሐሙስ መጣ። የሁንዴ አይሱዙ ዱከም ላይ ባሌስትራው ተሰበረ። ሁንዴ ደውሎ «ነገ ጠዋት» አለ። ዓርብ ደውሎ «ነገ ጠዋት» አለ። አቻምየለሽ በዓርቡ «ተነስተህ ሞጆ ሂድ!» ብላ አባረረችኝ። እኔም ተነስቼ ቃሊቲ ሄድኩ። ለባቡሩ እየተቆፈረ አቧራው ሰማይ ነክቷል፤ አንድ ጆተኒ ቤት ገብቼ ቀኑን ሙሉ ዋልኩ። ማታ ተመልሼ «በዛብህ እየጫነ ነው፣ ድመቶቹ ሰልፍ ሠርተው ሸኙኝ» አልኳት። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ «ግባና እያቸው» ብላ ወደ ውስጥ ገፋችኝ፣ ከኋላዬም ቆለፈችው።

የተራበ ዶሮ አይጮህም፤ ይህን ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም ነበር። እንቁላል የጣለች ዶሮ ናት ሰፈር የምታውከው። እነዚህ ዝም ብለው ያዩኛል። አንገታቸውን አዘንብለው፣ በአንድ ዓይን፣ አራት መቶ ሰማንያ ዓይን። ገንዳው ተልሶ ከመንጻቱ ብዛት ያብለጨልጫል። ጣሪያው በፀሐይ ሲግል የኩሱ ሽታ አፍንጫ ይቆርጣል። የለበስኩት ቀይ ማሊያ ነበር። መጀመሪያ ሁለት መጡ፣ ከዚያ ሃያ፤ የማሊያዬን ጫፍ እየዘለሉ ይነጩት ጀመር።

«አንተ ልጅ!» አዴ ዳሲቱ ናቸው፣ በግድግዳው በኩል። «ቀዩን አውልቅ!»

«ለምን አዴ?»

«ደም ይመስላቸዋል። አንዴ ደም የለመደች ዶሮ ጓደኛዋን ነው የምትበላ።»

አውልቄ ከጣሪያው ማገር ላይ ወረወርኩት። ግን እውነቱን ለመናገር ማሊያዬ ከመድረሱ በፊትም ጀምረው ነበር። ከጥጉ አንዲት ግራጫ ጅራቷ ላይ ላባዋ ተነጭቶ ቆዳዋ ይታያል፤ አምስት ስድስት ሆነው ከበዋታል። እየወጉ ወደ ኋላ ይላሉ፣ እንደገና ይወጋሉ። ሮጬ አነሳኋት። እጄ ረጠበ። ልቧ መዳፌ ላይ እንደ ስልክ ይንቀጠቀጣል።

የምር ስልኬ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ድምፁን አጥፍቼው ነው። አየሁት፤ ሁለተኛው ሲም፣ «አቹ» ይላል። ፎርሙን ከፋይሏ አውጥታ ለበዛብህ ራሷ እየደወለች ነው።

አለማንሳት እችል ነበር። ካላነሳሁ ግን በዛብህ ሞተ ማለት ነው፣ በዛብህ ከሞተ ደግሞ እኔ። ግራጫዋን በብብቴ ይዤ ወደ መጨረሻው ጥግ ሮጥኩና ባዶ ማዳበሪያ ራሴ ላይ ደፋሁ። ጉሮሮዬን እንደ ሽማግሌ ጠረግኩ።

«እህህ... አቤት፣ ማን ልበል?»

«ጋሽ በዛብህ ነዎት? አቻምየለሽ እባላለሁ፣ ከአቃቂ፣ የሰይፉ ማኅበር። እባክዎ ዶሮዎቻችን እያለቁብን ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ፣ ሰይፈሥላሴ ነግሮኛል። ጨዋ ልጅ ነው።»

«መኪናው ወጣልን?»

«ወጥቷል፣ ወጥቷል። እንዲያውም ዱከምን ሳያልፍ አይቀርም...»

ግራጫዋ ይህን ጊዜ መረጠች። ብብቴ ውስጥ ሆና ያለ የሌለ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«ዶሮ አለዎት እንዴ ጋሼ?» አለች አቻምየለሽ።

«አሉኝ፣ ለናሙና ያህል።»

ከውጭ የሚሰማው እርምጃ ቆመ። አቻምየለሽ በደህናው ጆሮዋ ስልክ ይዛ ስለምትጮህ ምንም አልገባትም። አዴ ዳሲቱ ግን ጆሯቸው የሌባ ጠባቂ ነው። ቆርቆሮው ላይ ተለጥፈው ኖሯል።

«አቻምየለሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጋሽ በዛብህን ጠይቂልኝ። የያዛት ዶሮ ግራጫዋ ናት? ድምፅዋን አወቅኳት።»

ማዳበሪያው ውስጥ ሆኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው። አቻምየለሽ ትተነፍሳለች። በስልክም በግድግዳም እሰማታለሁ።

«ሰይፉ?» አለች።

«አቤት» አልኩ፣ በራሴ ድምፅ።

«በዛብህ የታል?»

«የለም።»

«ሞጆ የለም ወይስ...»

«የትም የለም አቹ። ዱጉማም የለም። አህያም የለም። ፎርሙ ባዶ ሆኖብኝ ነው።»

ስድብ ጠበቅኩ። ኑሪ ነው የጀመረው። «ወላሂ ይሄን ሰውዬ! ወላሂ! አጎቴን ያህል ሰው አሳፍረህብኝ፣ ፋጉሎ ሊሰጡን ሲሉ በአህያ አሳቅህባቸው! አህያው አንተ!» እያለ ቆርቆሮውን በእርግጫ ይለዋል፤ ዶሮዎቹ በአንድ ላይ እየተነሱ አቧራው አፈነኝ። እሱን እችለው ነበር። አቻምየለሽን ግን አልቻልኩም። በሽንቁሩ ሳያት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፎርሙን ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። ማኅተም ያለበት፣ ወረዳው የፈረመበት ወረቀት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ፣ «ማታ ስተኛ ይሄን እያሰብኩ ነበር የምተኛው። ሁንዴ ቢቀር በዛብህ አለ እያልኩ።»

ኑሪም ማንኳኳቱን ተወ።

ቀድመው የተናገሩት አዴ ዳሲቱ ናቸው። «ያ ዋቅ! ታለቅሳላችሁ ወይስ ታበሏቸዋላችሁ? ዶሮ በጆንያ የታሸገ ብቻ ነው የምትበላው ያለው ማነው? ኑሪ፣ አጎትህ ዘንድ ሂድ። እግራቸው ላይ ውደቅ። አቻምየለሽ፣ ክር ክፍል አብራሽ የነበረችው፣ ባሏ ቃሊቲ ዱቄት ፋብሪካ የሚሠራው፣ ፉርሽካ ጠይቂያት። እኔ ጠላ ጠማቂዎቹን ዞሬ አተላ እለምናለሁ።»

«እኔስ አዴ?» አልኩ።

«አንተ መሐላቸው ቁም። የቆሰለችውን እያነሳህ ለይ። አንዲት ዶሮ በተበላች ቁጥር ያንተ ጥፋት ነው።»

«በሩን ከፍታችሁልኝ ሄጄ...»

«የት?» አለች አቻምየለሽ ከመሬት እየተነሳች። «ሞጆ?»

ሄዱ።

ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ሰው ዶሮ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ይገላግላል። አንዱን ጥግ በማዳበሪያና በባዶ የእንቁላል ካርቶን አጠርኩና የቆሰሉትን እዚያ አስገባሁ። አንዷን ሳነሳ ከበስተኋላዬ ሌላ ክብ ይሠራሉ። እዚያ ስሮጥ ወዲህ። እንደ መንደር ጠብ ነው፤ ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ የወደቀውን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ወሬ ልነግራቸው ሞከርኩ። ስለ መጋዘኑ ነገርኳቸው፤ በዕድሜዬ እንደነሱ ያለ ያልተማረከ ሰሚ አላጋጠመኝም። ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ሞተው አገኘሁ። ስምንት ሰዓት ላይ አምስት ሆኑ።

ከኋላ ግድግዳ አንድ ቆርቆሮ የላላ መሆኑን አውቅ ነበር፤ የመታሁት እኔ ነኝ፣ በሦስት ሚስማር ፋንታ አንድ። ገፋሁት። ተከፈተ። አንገቴን አወጣሁ፤ ነፋስ አገኘኝ፣ የድሮው ሐዲድ፣ ሣሩ፣ አንድ ባጃጅ የሚያጥብ ሰውዬ። ከዚያ ቀጥታ ብሮጥ አስፋልቱ ላይ ነኝ፣ ታክሲ ይዤ እስከ መርካቶ። ህሊናዬ መለሰኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ጭንቅላቴ አለፈ፣ ትከሻዬ አላለፈም። ባጃጅ አጣቢው ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ አየኝና፣

«ሰይፉ? ምን ታደርጋለህ?» አለ።

«አየር ለውጥ» አልኩት።

አንገቴን ስመልስ ግራጫዋ ከአጥሯ ወጥታለች፣ እንደገና ከበዋታል። በእጄ እየገፋሁ ደረስኩ። ልቧ ቆሞ ነበር። ስድስት።

መጀመሪያ የደረሱት አዴ ዳሲቱ ናቸው፣ በሁለት ባልዲ አተላ። ቀጥሎ አቻምየለሽ በጋሪ ሁለት ማዳበሪያ ፉርሽካ ይዛ መጣች፤ ዱቄቱ ሽፋሽፍቷን አንጥቶታል። ኑሪ ዘገየ። ሲመጣ አንድ ኩንታል ፋጉሎ ብቻውን ተሸክሞ ነው፤ አጎቱ አንድ ሰዓት ሙሉ በር ላይ አቁመው ስለ አህያ ሲጠይቁት ቆይተው ነው የሰጡት። በሩ ተከፈተ። ማንም አላናገረኝም። ፋጉሎውን በድንጋይ ፈጨነው፣ ከፉርሽካው ጋር ቀላቀልን፣ አተላውን አርከፈከፍንበት።

ገንዳው ላይ ሲፈስ ከምንቃሮቻቸው የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም። ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነበር። መጀመሪያ እርስ በርስ ተረጋገጡ፤ አንዷ ከታች ቀርታ አለቀች፣ ሰባት። ቀስ በቀስ ግን የሚያዩኝ ዓይኖች ቀነሱ። አቻምየለሽ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ትቆጥራቸው ይሁን ትጸልይ አላውቅም።

ይህን ጊዜ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አንደኛው ሲም። ሁንዴ። አቻምየለሽ በዓይኗ «አጉላው» አለችኝ።

«ሰይፉ የኔ ወንድም!» አለ ሁንዴ። «ጨርሻለሁ እኮ! ባሌስትራው ገብቷል፣ አሁን ብሎን እያጠበቁ ነው፣ አንዷ ብሎን ብቻ ናት የቀረችው። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት በርህ ላይ ነኝ። እንዲያውም ከአንድ ሰዓት በፊት!»

ኑሪ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ፋጉሎው ኩንታል ላይ ተዘረረ። አቻምየለሽ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። ስልኩን ዘጋሁ።

«አይመጣም» አልኩ።

«ምን?»

«ሁንዴ ነገ አይመጣም።»

«አሁን በጆሮአችን ሰማነው እኮ! አንዲት ብሎን ብቻ ናት አለ!»

«ለዚህ ነው የምልሽ አቹ። መኪናው የተጠገነለት ሰው 'መጣሁ' ብሎ ይዘጋል እንጂ ስለ ብሎን አያወራም። 'ከአንድ ሰዓት በፊት' ማለትስ ምን አመጣው? ማን ጠየቀው? እኔም ብሆን እንዲሁ ነበር የምለው።»

ሦስቱም አዩኝ። ከዶሮዎቹ አስተያየት ብዙ አይለይም።

«ያለው ለስንት ቀን ይበቃል?» አለች አቻምየለሽ በመጨረሻ።

ማዳበሪያዎቹን አየሁ፣ ገንዳውን አየሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሁንዴ የሚያራግፈውን፣ ሳምንቱ መጨረሻ ላይ የሚተርፈውን አሰብኩ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

«ዛሬን ጨምሮ ሁለት ቀን። ሰኞ ጠዋት ገንዳው ባዶ ነው።»

አቻምየለሽ ወደ አዴ ዳሲቱ ዞረች። አዴ ዳሲቱም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ጣሳ አነሱና የቀረውን ከማዳበሪያው ወደ ሌላ ማዳበሪያ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ይሰፍሩት ጀመር። እኔ ባዶ ደረቴን በእጄ አቅፌ፣ ዶሮ መሐል ቆሜ ጠበቅኩ። ትክክል መሆኔን አውቃለሁ። እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ቢሆንም እያንዳንዱ ጣሳ ሲገለበጥ አብሬ እቆጥር ነበር፤ እውነት ተናግሮ መጠበቅ እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ?

ሃምሳ ስምንት ላይ ጣሳው የማዳበሪያውን ታች ቧጠጠ። አዴ ዳሲቱ በጣታቸው አሰሉ፣ ደግመው አሰሉ።

«ሁለት ቀን» አሉ፣ ለአቻምየለሽ።

አቻምየለሽ ባዶዎቹን ማዳበሪያዎች አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተች። «ኑሪ ተነስ» አለች። «ሳይመሽ ገላን ድረስ እንሂድ፣ እዚያም ወፍጮ ቤት አይጠፋም። አዴ፣ እርስዎ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ጠማቂዎቹን ይድገሙልኝ።»

ወጡ። እኔን ማንም ና አላለኝም፣ ቆይም አላለኝም። ከአጥሩ ውስጥ የቆሰሉት ዶሮዎች ገና አልበሉም ነበር፤ አንድ እፍኝ ዘግኜ ወደ እነሱ ሄድኩ።